ለታደሰ የቱርቦ ሞተር ዘይት ስትመርጡ

አዲስ አበባ፣ ሱማሌ ተራ፣ ዘይት ከሚሸጥበት ደጃፍ ቆማችሁ ብታዳምጡ፣ ደጋግማችሁ የምትሰሙት «ወፈር ያለውን ስጠኝ» የሚለውን ነው። ሞተሩ የሚያጨስበትም፣ መኪናውን ትናንት አሳድሶ ከጋራዥ ያወጣውም እኩል ይህንኑ ይጠይቃል። በመጀመሪያው አልፈርድበትም። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) እና ብሮንዚኑ (ዘንጉ የሚዞርበት መቀመጫ) ተበልቶ ክፍተቱ ሰፍቶበታል፤ እስኪያሳድስ ድረስ ወፍራም ዘይት ትንሽ ያቆይለታል። ሁለተኛው ግን ያን ሁሉ ብር ያፈሰሰው ያ ክፍተት እንዲጠብለት ነው። በጠባብ ክፍተት ውስጥ ወፍራም ዘይት ቀስ ብሎ ነው የሚደርሰው፤ ቱርቦ (ወደ ሞተሩ አየር በኃይል የሚገፋ መሣሪያ) ያለው ሞተር ደግሞ መዘግየትን አይችልም።

እኔ ሳሪስ አካባቢ ባለ ጋራዥ የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ነው የምሠራው። ስለዚህ ነገሩን በአንድ ሞተር ላይ ላሳያችሁ፦ 1ኬዲ-ኤፍቲቪ፣ ሃይሉክስ ፒክአፕና ፕራዶ ላይ ያለው ባለ 4 ሲሊንደር፣ 2982 ሲሲ፣ ኮመን ሬል ናፍጣ። ታናሹ 2ኬዲ፣ 2494 ሲሲው፣ ለዘይት ሲሆን ያው ነው። ከእነሱ በፊት የነበረው 1ኬዚም ብዙ አይርቅም። የቤንዚን ቱርቦ ላላችሁ ወረድ ብዬ አንድ ሁለት ነገር እላለሁ።

ዘይት ከመግዛታችሁ በፊት መካኒካችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፦ የድሮውን ሞተር ምን ገደለው? «አርጅቶ ነው» የሚል መልስ አይበቃም። 1ኬዲ ላይ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛዋ ኢንጀክተር (ናፍጣ የሚረጨው) ሥር የምትቀመጠው የመዳብ ዋሸር ናት። ዋሸሯ መያዝ ስታቆም ከሲሊንደሩ የሚያመልጠው ትኩስ ጋዝ ወደ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ክዳን ውስጥ ይገባል፣ ዘይቱን ያከስለዋል፣ ከሰሉ ደግሞ ወርዶ ኮፓው (ሥር ያለው የዘይት ቋት) ውስጥ ያለውን የዘይት ፖምፓ ወንፊት ይደፍነዋል። ኮፓው ሙሉ ዘይት ይዞ ሞተሩ በጥም ይሞታል። መለኪያ ዘንጉን ብትመዙት ዘይቱ ልክ ነው። የዘይት መብራቱ ብልጭ ሲልም ሹፌሩ «ሴንሰር ነው» ብሎ ያልፈዋል።

እንዲህ የሞተ ሞተር ታድሶ በዚያው ወንፊት፣ በዚያው የዘይት ኩለር (ማቀዝቀዣ) ከተገጠመ የዓለም ምርጥ ዘይት አያድነውም። ወንፊቱ በጨርቅ ተጠርጎ ሳይሆን በደንብ ታጥቦ በብርሃን ይታይ፤ እያንዳንዷ ቀዳዳ ካልታየች ይቀየር። የኢንጀክተር ዋሸሮቹ አዲስ ይሁኑ፣ የመቀመጫው ፊትም ከካርቦን ይጽዳ። ብሮንዚን በልቶ የቆመ ሞተር ከሆነ ደግሞ የዘይት ኩለሩን አትርሱት። ድቃቂው ብረት በቀጫጭን ክፍሎቹ ውስጥ ተሸሽጎ ይቆይና ሞተሩ በተነሳ በመጀመሪያው ቀን አዲሱ ብሮንዚን ላይ ይፈስሳል። እኔ እንዲህ ያለ ኩለር ሲገጥመኝ አላጥብም፤ አስቀይራለሁ። ባለ መኪናው ይነጫነጫል፣ እኔም እችለዋለሁ።

አሁን ወደ ክፍተቱ። ከቶርኖ ቤት (ብረት ከሚሞረድበት) ሥራውን ስትረከቡ ደረሰኝ ብቻ ይዛችሁ አትውጡ፤ ቁጥር ጠይቁ። ክራንክሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ተሞርዶ 0.25 ብሮንዚን ገብቶለታል ይሏችኋል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ሞተሩ የሰፋበት ይመስለዋል፤ ዘይቱን ማወፈር የሚመጣውም ከዚህ ነው። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ክራንክሻፍቱ 0.25 ሚሊሜትር ሲቀጥን ብሮንዚኑ በዚያው ልክ ወፍሮ የተሠራ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የዘይት ቦታ ሥራው በልኩ ከተሠራ ፋብሪካው ካወጣው አይለይም፤ የሚለካውም በሚሊሜትር መቶኛ ነው። ቦታው የፋብሪካ ከሆነ ዘይቱም የፋብሪካ ነው። ልኩን ለማየት ፕላስቲጌጅ የምትባል ክር መሳይ ነገር አለች፦ ብሮንዚኑ መሃል ትቀመጣለች፣ ቡሎኑ በልኩ ይታሰራል፣ ከዚያ ተፈትቶ ምን ያህል እንደተጨፈለቀች በወረቀቷ ላይ ይነበባል። ይህን በዓይናችሁ ፊት እንዲሠራላችሁ መጠየቅ ነውር አይደለም።

አንድ ጊዜ «ትንሽ ሰፍቷል፣ 20ደብሊው-50 (ወፍራሙ ዘይት) ይሞላበት» ተብሎ የተላከልን ብሎክ ነበር። መልሰን ላክነው። የቶርኖ ስህተት በዘይት አይጠገንም።

ቱርቦውን እንመልከት። የቱርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፣ የሚንሳፈፈውም በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ነው። ኳስ ኩሽኔታ የለውም፤ ዘይቱ ራሱ ነው ኩሽኔታው። ዘይት ደግሞ ቱርቦው ጋ የሚደርሰው በቀጭን ቧንቧ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ በቂ አየር ለመግፋት ቱርቦው ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው የበለጠ መፍጠን አለበት። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ቁልፍ ስታዞሩ ሌሊቱን ሙሉ የቀዘቀዘ ዘይት ነው የሚነሳው። እዚህ ላይ ነው የጀሪካኑ ቁጥር ትርጉም የሚኖረው።

15ደብሊው-40 ሲል ደብሊው ያለበት ቁጥር የብርዱ ነው፣ ኋላ ያለው የሙቀቱ። 15ደብሊው በመስፈርቱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ተፈትኖ ሞተሩ እንዲዞር የሚፈቅድ ነው፤ 20ደብሊው ፈተናው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን እንኳ እንዲህ አይበርድም፤ ስለዚህ ሁለቱም ያስነሳሉ። ልዩነቱ ፍጥነቱ ላይ ነው። በ40 ዲግሪ 15ደብሊው-40 ብዙውን ጊዜ 110 ሴንቲስቶክ (የዘይት ውፍረት መለኪያ) አካባቢ ሲለካ 20ደብሊው-50 ወደ 160 ይጠጋል ወይም ያልፋል። በጠዋቱ ብርድ ይህ ልዩነት ይበልጥ ይሰፋል። ሞተሩ ሲሞቅ፣ 100 ዲግሪ ላይ፣ 40 የሚባለው ዘይት ከ12.5 እስከ 16.3 ሴንቲስቶክ ነው፤ 50 የሚባለው ከዚያ ተነስቶ 21.9 ድረስ ይሄዳል። በልኩ የታደሰ 1ኬዲ ትኩስ ሆኖ 40 ይበቃዋል። አፋር ወርዳችሁ ሰመራ ላይ ፀሐዩ ቢያቃጥላችሁ እንኳ ይበቃዋል፤ የዘይቱን ሙቀት በይበልጥ የሚወስነው ኩለሩና ራዲያተሩ እንጂ የውጩ አየር ብቻ አይደለም።

ስለዚህ የእኔ መልስ 15ደብሊው-40 ነው፤ ካገኛችሁ 10ደብሊው-40ም ጥሩ ነው። 0ደብሊው-20 የሚባለውን፣ ለአዳዲስ የቤንዚንና የሃይብሪድ መኪኖች የወጣውን ስስ ዘይት፣ «ዘመናዊ ነው» ብሎ የሚሞላ ሰው አጋጥሞኛል። ለዚህ ሞተር አልተሠራም።

ከቁጥሩ ይልቅ ብዙ ሰው የማያነበው ፊደሉን ነው። ጀሪካኑን አዙሩና ኤፒአይ (የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም ደረጃ) የሚለውን ፈልጉ። በኤስ የሚጀምር ለቤንዚን ነው፣ በሲ የሚጀምር ለናፍጣ። የ1ኬዲ መመሪያ የሚጠይቀው ሲኤፍ-4 ወይም ሲኤፍ ነው፤ አሁን ዘመናቸው ያለፈ ደረጃዎች ናቸው። ዛሬ ገበያ ላይ ከምታገኙት የምመርጠው ሲአይ-4 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ፣ ጥላሸትን አንሳፎ የመያዝ አቅሙ ከእነዚያ የላቀ። ሲኤች-4 ካገኛችሁም አትጣሉት። ባዶ ኤስኤል ወይም ኤስኤን ብቻ የተጻፈበትን ግን ናፍጣ ሞተር ውስጥ አትጨምሩ፤ የናፍጣ ጥላሸት ዘይቱን ያወፍረዋል።

«ከሲአይ-4 ሲጄ-4ና ሲኬ-4 ይበልጣሉ፣ አዲስ ናቸውና» የሚል ሻጭ ይገጥማችኋል። አዲስ መሆናቸው እውነት ነው። የተዘጋጁት ግን ሰልፈሩ ለወረደ ናፍጣና የጭስ ማጣሪያ፣ ዲፒኤፍ፣ ላለባቸው ሞተሮች ነው፤ መስፈርታቸው ከ500 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 500 እጅ) ያልበለጠ ሰልፈር ያለው ናፍጣ ይጠይቃል። ሲአይ-4 እስከ 0.5 በመቶ፣ ማለትም እስከ 5,000 ፒፒኤም ይፈቅዳል። ሰልፈር ሲቃጠል አሲድ ይሆናል፣ አሲዱን የሚያከስመው ዘይቱ ውስጥ ያለው አልካሊ ነው። ክፍለ ሀገር እየዞራችሁ ካገኛችሁበት ማደያ የምትቀዱ ከሆነ ሲአይ-4 ላይ እርጉ። መኪናችሁ ዲፒኤፍ ካለው ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ አመዱ ያነሰ ዘይት የግድ ነው፣ የመመሪያውን መጽሐፍ ተከተሉ።

የቤንዚን ቱርቦ፣ በተለይ ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭ ትንሽ ሞተር፣ ካላችሁ የናፍጣ ዘይት አታስገቡበት። ከታች በዝቅተኛ ዙር ቱርቦው ሲገፋ ነዳጁ ያለጊዜው የሚቀጣጠልበት ጣጣ አለ፣ ፒስተን ይሰብራል። ኤስፒ የሚለው ደረጃ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው፣ ይህን ለመከላከል ተፈትኗል። ውፍረቱን መመሪያው ያለውን አድርጉ።

ሲንቴቲክ ወይስ ማዕድናዊ? ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሙሌቶች ማዕድናዊ። የወፍጮ ድንጋይ ሲለሰልስ ይወቀራል፤ ካልተወቀረ እህሉ ይንሸራተታል እንጂ አይደቅም። ሲሊንደሩ ውስጥ በሆኒንግ (ግድግዳውን በመሞረድ) የሚሠሩት ሰያፍ መስመሮችም እንደዚያው ናቸው። አዲሱ ፋሻ የመስመሮቹን ጫፍ እየላገ ቦታውን መያዝ አለበት፤ ካልያዘ ዘይት ይበላል፣ ጋዝ ያሳልፋል፣ በኋላም የሚስተካከለው ፈትቶ እንደገና በመሥራት ነው። ሲንቴቲክ ሞልተው ከፋብሪካ የሚያወጡ አሉ፣ አውቃለሁ። እነሱ የሲሊንደሩን ፊት በማሽን የመጨረሻው ልክ ድረስ ጨርሰው ነው። የእኛ ሰፈር ሆኒንግ በእጅ ድሪል የሚሠራም አለ፤ ለእሱ ማዕድናዊው ይታመናል፣ ዋጋውም ቶሎ ስለምትደፉት አይቆጭም። «የማለማመጃ መድኃኒት» ተብላ በትንሽ ጠርሙስ የምትሸጠውን ተዋት። ሲአይ-4 ዘይት ውስጥ የሚያስፈልገው የዚንክ ቅመም አለ።

ዘይቱን ሞልቶ ሞተሩን ቀኑን ሙሉ ቆሞ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ማስነሳት፣ «ይላመድ» ብሎ፣ በጣም የተለመደ ነገር ነው፤ ፋሻውን የሚገድለውም እሱ ነው። ፋሻ ከሲሊንደሩ ጋር የሚጣበቀው ከላይ ግፊት ሲያገኝ ነው። ሚኒሞ ላይ ግፊት የለም፤ ግድግዳው እንደ መስታወት ይለሰልሳል። ይልቅ ሞቅ ሲል ወደ መንገድ አውጡት። እኔ ከቃሊቲ በአቃቂና በዱከም አድርጌ ደብረ ዘይት ድረስ በአሮጌው መንገድ ነው የምወስደው። በ3ኛና በ4ኛ ማርሽ እስከ 2,500 ዙር በመጠኑ ገፋ፣ ከዚያ እግር ለቀቅ አድርጎ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ። የአዳማው ፈጣን መንገድ ለዚህ አይሆንም፤ በአንድ ፍጥነት ብቻ ስለሚያስኬድ ነው። ጭነትና ሙሉ ነዳጅ እስከ 1,000 ኪሎሜትር ይቆዩ።

ከዚያ በፊት ግን የመጀመሪያው ማስነሳት አለ፣ ቱርቦ የሚበላሸውም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ቱርቦው ከመገጠሙ በፊት በዘይት መግቢያው ንጹሕ ዘይት አንጠባጥቡበትና ዘንጉን በጣት አዙሩት። የመግቢያው ቧንቧ አዲስ ቢሆን ይመረጣል፤ አሮጌው ውስጡ በተቃጠለ ዘይት ጠቦ ይገኛል። በመግቢያውም በመመለሻውም ፍላንጅ ላይ ሲሊኮን እንዳይቀባ፤ ጓርኒሲዮን ብቻ። የተረፈው ሲሊኮን ተቆርጦ ገብቶ ያንን ቀጭን መንገድ ይዘጋል። ከዚያ የኢንጀክተሮቹን ሶኬት ንቀሉና በሞተሪኖ (በማስነሻው) ብቻ፣ 10 ሰከንድ እያዞራችሁ እያሳረፋችሁ፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ አሽከርክሩት። ከጠፋ በኋላ ሶኬቱን መልሱና አስነሱ። ነዳጅ አትስጡ።

1ኬዲ 7 ሊትር ገደማ ይይዛል። ደረቅ የነበረ ሞተር፣ ባዶ ኩለርና አዲስ ፊልትሮ ስላለ መጀመሪያ ትንሽ ይጨምራል። ሊትሩን ሳይሆን መለኪያ ዘንጉን እመኑ፤ አስነስታችሁ፣ አጥፍታችሁ፣ 5 ደቂቃ ጠብቃችሁ። ከላይኛው ምልክት አታሳልፉ፤ የበዛ ዘይት አረፋ ይሆናል፣ በመተንፈሻው በኩልም ቱርቦውና ኢንተርኩለሩ ውስጥ ይገባል።

500 ኪሎሜትር ላይ ዘይቱንም ፊልትሮውንም ቀይሩ። የወጣውን ፊልትሮ አትጣሉት፤ ሞርሳ ላይ አስራችሁ ቆርቆሮውን በሴጌቶ ዙሪያውን ቁረጡትና የውስጡን ወረቀት አውጡ። ወረቀቱን ነጭ ጨርቅ ላይ እንደ አኮርዲዮን ዘርግታችሁ ዘይቱ እስኪንጠባጠብ ቆዩ፣ ከዚያ በፀሐይ አዘንብሉት። ጥቁር ጭቃ መሳይ ነገር ናፍጣ ነውና አያስደነግጥም። የምትፈልጉት የሚያብለጨልጭ ነው። ማግኔት አስጠጉ፦ ዘለው የሚጣበቁት ጥቂት ስስ ብናኞች የፋሻና የሲሊንደር ናቸው፣ በመጀመሪያው ፊልትሮ ይጠበቃሉ፤ ሴጌቶው ራሱ የጣለውም ከዚያው ይደባለቃል። ማግኔት እምቢ ያለው፣ እንደ ብር ወረቀት ቅርፊት ወይም እንደ መዳብ የሚያበራው፣ ብሮንዚን ነው። ጥቂት ነጥብ ከሆነ የሚቀጥለውን ፊልትሮ ቶሎ ክፈቱ፤ በጣት የሚዳሰስ ቅርፊት ከሆነ መኪናውን አታስነሱ። ይህን ፊልትሮ ከፍታችሁ ያላያችሁ እንደሆነ ዘይቱን በመቀየራችሁ ግማሹን ጥቅም ጥላችሁታል።

የት ይገዛ? እኔ ከማደያ ወይም ከዋና አከፋፋይ እገዛለሁ። ዴልቫክ፣ ሪሙላ፣ ሩቢያ የሚባሉት የታወቁ የናፍጣ ዘይት ቤተሰቦች ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው ውስጥ ግን ብዙ ዓይነት ስላለ ስሙን ሳይሆን ጀርባው ላይ ያለውን ፊደልና ቁጥር አንብቡ። ከበርሜል እየተቀዳ በሊትር የሚሸጠውን ለታደሰ ሞተር አትመኑ። ክዳኑ ሥር ያለው ሽፋን ያልተነካ፣ የምርት ቁጥሩ ያልተፋቀ ይሁን። በጣት እያሹ «ይህ እውነተኛ ነው» የሚል ሰው ያስቀኛል፤ አዲስ ዘይት ሁሉ ጣት ላይ ያዳልጣል። ጋራዣችን ባዶ ጀሪካን አይሸጥም፦ ታችውን በካቻቢቴ ወግተን ነው የምንጥለው፣ ያው ጀሪካን ሌላ ነገር ተሞልቶ ተመልሶ እንዳይመጣ።

በቅርቡ ከመቂ ቲማቲም የሚጭኑ አንድ ጋሼ ሃይሉክሳቸውን አሳድሰው፣ 20ደብሊው-50 በእጃቸው ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ጎረቤቴ የድሮ ሹፌር ነው። ይኸ ይሻላል ብሎኛል።»

«ጋሼ፣ እሱ የሚነዳው ምንድን ነው?»

«የቆየ አይሱዙ።»

«ያጨሳል?»

«ያጨሳል እንጂ! ከሩቅ ነው የሚታወቀው።»

«እንግዲያው ለእሱ ይስጡት፣ ይጠቅመዋል። ለእርስዎ ሌላ እናምጣ።»

ሳቁ፣ ጀሪካኑንም ለጎረቤታቸው ወሰዱለት።

ከ500 በኋላ ሁለተኛውን ማዕድናዊ ሙሌት እስከ 3,000 ኪሎሜትር ወስዳችሁ ቀይሩ። በዚያ መሃል ዘይት መብላቱን ካቆመ፣ ማለትም በመለኪያው ላይ ደረጃው ካልወረደ፣ ፋሻው ይዟል። ከዚያ ወዲያ ከወደዳችሁ 5ደብሊው-40 ወይም 10ደብሊው-40 ሲንቴቲክ፣ ሲአይ-4 ያለበትን፣ ግቡበት፤ ቱርቦው ውስጥ ሙቀትን በተሻለ ይቋቋማል። ካልሆነም ያው ማዕድናዊው በየ5,000 ኪሎሜትሩ በሰዓቱ ከተቀየረ ቅሬታ የለኝም። ሲንቴቲክ ነው ብላችሁ 15,000 ድረስ ከምትገፉ፣ ማዕድናዊውን በ5,000 ብትቀይሩ እመርጣለሁ። በመለኪያው ላይ ደረጃው ከወረደ ሳይሆን ከጨመረ ደግሞ ናፍጣ እየገባበት ነው፤ ኢንጀክተር አስፈትሹ እንጂ አትደሰቱ።

አባይ በረሃን ከጎሃ ጽዮን ወርዳችሁ ደጀን ስትወጡ ቱርቦው ቀይ እስኪሆን ይግላል። ደጀን ላይ ቡና ለመጠጣት እንደቆማችሁ ቁልፍ አታጥፉ፤ 2 ደቂቃ በሚኒሞ ይቆይ። ሞተሩ ወዲያው ከጠፋ ዘይቱ በቱርቦው ውስጥ ቆሞ ይቃጠላል፣ ከሰል ሆኖ ይጣበቃል፣ ያ ደግሞ የትኛውንም ጥሩ ዘይት ብትገዙ ይሆናል። ከተማ ውስጥ በቀስታ ነድታችሁ ከቆማችሁ ግን መጠበቅ አያስፈልግም።